ተናዘዙልኝ አልላቸውም

ሱቄ ያለችው ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ከኮንዶሚኒየሙ ግቢ መግቢያ ላይ፣ መንገድ ዳር ካለው ብሎክ ምድር ቤት ነው። ደላሎች ይወዷታል። ጥላ አላት፤ የሚቀመጡበት ባዶ የለስላሳ ሳጥን አላት፤ ፊት ለፊቷ ደግሞ የወንጂ ታክሲ ይጭናል። እነሱ ሳጥኔ ላይ ተቀምጠው የሰው ቤት ይሸጣሉ፣ እኔ ውሃና የሞባይል ካርድ እሸጥላቸዋለሁ። አዳማ ውስጥ አጠገቡ ታክሲ ያለው ቤት ዋጋው ሌላ ነው። ግድግዳው ቢሰነጠቅ፣ ውሃ በሳምንት አንዴ ቢመጣ፣ ደረጃው ወገብ ቢቆርጥ፣ "ታክሲ በር ላይ ነው" ከተባለ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ይገባበታል። አሳየችም የገባችው በዚሁ ቃል ነው።

አብዱልመናን እባላለሁ። ቁጡ ነህ ይሉኛል፤ ነኝ። የአሳየችን ነገር ሳወራ ደግሞ ከወትሮው ብሶብኝ ታገኙኛላችሁ።

አሳየች የተወለደችው ወንጂ አገዳ ሰፈር ነው። ወላጆቿ አገዳ ሊቆርጡ ከከምባታ የመጡ ሰዎች ነበሩ። የካምፕ ቤት የሥራው ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ቤቱም ያልቃል። አባቷ ሲሞት ቤቱ ለሚቀጥለው ቆራጭ ተሰጠ፣ እናቷም ልጆቿን ይዛ ወጣች። አሳየች ያኔ ትንሽ ልጅ ብትሆንም ያን ቀን አትረሳውም። እናቷ ወለሉን ጠረገች፤ የምድጃውን አመድ አወጣች፤ እንስራውን ውሃ ሞልታ ጥግ ላይ አስቀመጠች። ልጆቹ "ለማን ነው?" ቢሏት "ለሚገቡት። ከመንገድ ደክሟቸው ነው የሚመጡት" አለቻቸው። ይህን ስትነግረኝ እናቷን እያደነቀች ነበር። እኔ ግን እንስራውን ሰብሬው እወጣ ነበር።

ካደገች በኋላ እዚያው ወንጂ የሠራተኞች ምግብ ቤት ወጥ ሠሪ ሆነች። ባሏ ታጠቅ በያጅ ነበር። ልጅ አልወለዱም። እሱ በሳንባ ታሞ ሲሞት፣ እሷም ጡረታዋ ሲቃረብ፣ የምትኖርባት ክፍል ነገ የሌላ ሰው እንደምትሆን ታውቃለች። ባልና ሚስቱ ዕድሜ ልካቸውን ያጠራቀሟትን ይዛ አዳማ ቤት ፍለጋ የወጣችው ለዚህ ነው። ጉልበቷ ያማታል፤ ሥራዋ ገና ወንጂ ነው። ስለዚህ ለደላላው ለገላና የነገረችው ሁለት ነገር ብቻ ነበር። አንደኛ ለወንጂ ታክሲ ይቅረብ። ሁለተኛ፣ ማንም ውጪ የማይላት ቤት ይሁን።

ገላና የወለንጪቲ ልጅ ነው፤ ሱቄ በር ላይ ከሚውሉት ደላሎች ሁሉ ምላሱ የማያርፈው እሱ ነው። ጠዋት "አካም ቡልታኒ ሐጂ!" ብሎኝ ሳጥኔን ይይዛል። ሐጅ አልሄድኩም፤ ስንቴ ብነግረው አይሰማም። ክፉ ግን አይደለም። ለአሳየች ያገኘላት እኔው ያለሁበት ብሎክ ላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ መኝታ ነበር። ባለቤቱ ጋሽ ፈቃዱ ይባላሉ፤ መልካሳ የምርምር ማዕከል የመጋዘን ኃላፊ ሆነው ጡረታ የወጡ፣ ከሲታ፣ ቀጥ ብለው የሚራመዱ፣ የወንጌል አማኝ ሰው ናቸው። ቤቱ በዕጣ ደርሷቸው ነው። የራሳቸው ግቢ ስላላቸው አልፈለጉትም፤ ልጃቸው አዶኒያስ አዲስ አበባ ንግድ ይጀምርበት ዘንድ ሊሸጡት ነው።

አንድ ነገር ብቻ አለ። በዕጣ የተገኘ ኮንዶሚኒየም አምስት ዓመት ሳይሞላው ስሙ አይዛወርም። ሰዉ እስከዚያው በውክልና ይገዛዋል። ሻጩ ብሩን ይቀበላል፣ ለገዢው ሙሉ ውክልና ይሰጣል፤ ገዢው ገብቶ ይኖራል፣ የባንኩን ዕዳ በሻጩ ስም በየወሩ ይከፍላል፤ አምስት ዓመቱ ሲሞላ ሄደው ስም ያዛውራሉ። በእኛ ግቢ ግማሹ ሰው የገባው እንዲህ ነው። መንግሥትም ያውቃል፣ ባንኩም ያውቃል፣ ጥበቃውም ያውቃል።

የሚፈርሙ ቀን ሦስቱም ሱቄ በር ላይ ተገናኙ። ጋሽ ፈቃዱ ውሃ ገዝተው ጥላው ሥር ቆመው ይጠጣሉ። ገላና አሳየችን ወደ እኔ ባንኮኒ ሳብ አደረጋት።

"ማዘር፣ ስሚኝ። ውክልና የሚሠራው ሰውየው በሕይወት እስካሉ ነው። ክፉ አይንካቸውና አንድ ነገር ቢሆኑ ወረቀትሽ አብሮ ይቀበራል። ኑዛዜ ይጨምሩልሽ፤ 'ይህን ቤት ለአሳየች አውርሻለሁ' ይበሉ። ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው። ምስክር እኔ አመጣለሁ፣ ዛሬውኑ ያልቃል።"

አሳየች ብልግና የተናገራት ይመስል ፊቷን አዞረችበት።

"ምን አልክ?"

"ኑዛዜ።"

"ገና ትናንት የተዋወቅኳቸውን፣ ቆመው የሚሄዱትን ሰው፣ ተናዘዙልኝ ልበላቸው? ሙቱልኝ ማለት እኮ ነው!"

"ኧረ ማዘር፣ ወረቀት ነው!"

"ላንተ ወረቀት ነው። እሳቸው ማታ ጋደም ሲሉ ምን ይላሉ? ይቺ ሴትዮ ሞቴን ቁጭ ብላ ትጠብቃለች አይሉም? ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ባገኛቸው በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? አልልም። ተናዘዙልኝ አልላቸውም።"

እኔም ገባሁበት። "አሳየች፣ ገላና አብዛኛውን ጊዜ ይቀባጥራል፣ ዛሬ ግን ልክ ነው" አልኳት። "አንተም ከሱ ጋር ነህ?" ብላኝ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ጥላው ሄደች፤ ለጋሽ ፈቃዱ ሁለተኛ ውሃ ገዛችላቸው። ሰውየው ከእኛ ብዙም አይርቁም ነበር። በዚያች ሰዓት ጠርተን ብንጠይቃቸው ሳቅ ብለው ይፈርሙ እንደነበር እምላለሁ። ግን የሷ ቤት ነው፣ የሷ አፍ ነው፤ እሷ አልልም ካለች ማን ይላል?

ይሉኝታ ይሉታል ይህን ነገር። እኔ ሌላ ስም ብሰጠው ደስ ይለኛል፤ ሱቅ ውስጥ የሚባል ስም ግን አይደለም።

ገባች። መጀመሪያ ያደረገችው የበሩን ቁልፍ ማስቀየር ነው። ከዚያ የመታጠቢያ ቤቱን ሴራሚክ አስነጠፈች፣ መስኮቱ ላይ ፍርግርግ አስበየደች፣ ግድግዳውን ውሃ ሰማያዊ አስቀባች። ውሃ በሳምንት አንዴ ስለሚመጣ ትልቅ ሰማያዊ በርሜል ገዝታ ሁለት ወጣቶች ተሸክመው አወጡላት። ጠዋት ጠዋት ጉልበቷን እያሻሸች ደረጃውን ትወርዳለች፣ "ደህና አደርክ አብዱ" ትለኛለች፣ መንገዱን ተሻግራ ወንጂ ታክሲ ውስጥ ትገባለች። ጡረታ ከወጣች በኋላም ከሰዓት ከሰዓት እኔ ጋ ወርዳ ትቀመጥ ነበር። አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፦

"ታውቃለህ አብዱ፣ አንዳንዴ በሩን ከውስጥ ቆልፌ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ምንም አልሠራም። ቢንኳኳም አልከፍትም ብዬ አስባለሁ። ከዚያ ሲንኳኳ እከፍታለሁ።"

እየሳቀች ነው የነገረችኝ። እኔ ግን አንጀቴን በላችው።

በየበዓሉ ለጋሽ ፈቃዱ ዶሮ ወይ ቅቤ ይዛ ትሄዳለች። እሳቸውም ወደ መናኸሪያው ሲመጡ ሳይጠይቋት አያልፉም። ገላና እሷን ባየ ቁጥር "ማዘር፣ የቤትሽ ምሰሶ ደህና ናቸው?" ይላታል፤ ጋሽ ፈቃዱን ማለቱ ነው። እሷ ትቆጣዋለች። እኛም እንስቃለን። ቀልድ ነበራ።

አምስት ዓመቱ ሊሞላ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ገላና አንድ ጠዋት መጥቶ ሳጥኑ ላይ ሳይቀመጥ ቆመ። እሱ ሲቆም ደስ አይለኝም።

"ጋሽ ፈቃዱ ታመዋል። ጉበት ነው አሉ። ሐኪም ቤት ከርመው ወደ ቤት መልሰዋቸዋል።"

ወደ ቤት መልሰዋቸዋል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አሳየች ስትሰማ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ የሞላው ለሰውየው እንጂ ለቤቱ አልነበረም፣ ያናደደኝም እሱ ነው። "አሁን ሄደሽ ትጠይቂያቸዋለሽ። ኑዛዜውን። አእምሯቸው ሳለ፣ እጃቸው ሳለ" አልኳት። ገላናም ወተወታት። በመጨረሻ "እሺ፣ ከመጣህ አንተ ትነግራቸዋለህ" አለችኝ። ሱቁን ዘግቼ፣ ብርቱካን ይዘን በባጃጅ ሄድን።

ቤቱ ሰው ሞልቶታል። ከአጥቢያቸው የመጡ ወንድሞችና እህቶች አልጋውን ከበው ይጸልያሉ። ልጃቸው ሚልካ፣ ባንክ የምትሠራው፣ እግራቸው ሥር ተንበርክካለች። ጋሽ ፈቃዱ ቢጫ ሆነዋል፣ ሆዳቸው ተነፍቷል። ጸሎቱ ሲያልቅ የቡድኑ መሪ "ወንድማችን ድኗል! በእምነት አውጀናል! ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት የሞት ቃል አይነገርም!" አለ፤ ሁሉም አሜን አለ። እኔ የሌላ እምነት ሰው ነኝ፣ በሰው ጸሎት አልገባም። ግን ያ አሜን የመጣንበትን ጉዳይ እንደዘጋብን ገባኝ።

ጋሽ ፈቃዱ አሳየችን ለዩዋት። እጃቸውን ዘረጉላት።

"ቤቱ እንዴት ነው?" አሏት ቀስ ብለው።

"ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎ ብቻ ይዳኑልን።"

"ሌላ... የቀረ ነገር የለም?"

ልብ አድርጉ። ሰውየው በሩን ከፈቱላት። አሳየች ሰዉን አየች፣ ሚልካን አየች፣ የጸሎት መሪውን አየች።

"ምንም የቀረ የለም፣ ጋሼ" አለች።

እኔ አላስቻለኝም። "ጋሽ ፈቃዱ፣ የቤቱ ስም ገና ስላልዞረ፣ ምናልባት ምስክሮች ባሉበት..." ብዬ ስጀምር መሪው እጁን አነሳ። "ወንድሜ፣ ዛሬ የቤት ወሬ ቀን አይደለም። ሲነሱ ራሳቸው ሄደው ያዛውሩላችኋል። አሜን?" አሜን ተባለ። ሚልካ ተነስታ ክንዴን በቀስታ ይዛ "ይቅርታ አባባ፣ አባዬ እንዲደክም አንፈልግም" እያለች ወደ በሩ ሸኘችኝ። አሳየች ከኋላዬ እየተከተለች አንድ በአንድ ይቅርታ ትጠይቅልኛለች፤ "አትቀየሙት፣ ቁጡ ነው እንጂ ክፉ አይደለም።"

በባጃጅ ተመለስን። ልትወርድ ስትል "አየሃቸው? ልጅቷ ፊት፣ ያ ሁሉ ሰው ድነዋል እያለ፣ እኔ ሊሞቱ ነውና ፈርሙልኝ ልበል?" አለችኝ። "አዎ!" አልኳት። ጮኼ ነው ያልኳት። ቀስ ብላ ደረጃውን ወጣች።

ሳምንት ሳይሞላ ሞቱ።

ለቅሶ ላይ እሷን ያየ ሰው ይገረም ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ከልጃቸው እኩል አለቀሰች። አማኞቹ መዝሙር ይዘምራሉ፣ "አትዘኑ፣ ወደ ቤቱ ነው የሄደው" ይላሉ፤ እሷ ግን እንደ ጥንቱ ደረቷን እየመታች ታለቅሳለች። አጠገቧ የተቀመጠች ሴት "ምናቸው ነሽ?" ብላ ጠየቀቻት። አሳየች አሰበች። "ዘመድ ነኝ" አለች።

አዶኒያስ ከአዲስ አበባ የመጣው ለቀብሩ ነበር፤ ከቀብሩ በኋላ ግን ቶሎ አልተመለሰም። አንድ ከሰዓት ሱቄ መጥቶ ውሃ ገዛና "የአባቴ ቤት ስንተኛ ፎቅ ነው?" አለኝ። የአባቴ ቤት። ብሩን ንግድ የጀመረበት እሱ ራሱ ነው። ንግዱ እንደከሰረ ኋላ ሰማሁ፤ ያኔ ግን የማየው የሚያብረቀርቅ ጫማውን ብቻ ነው።

አሳየችን ይዤ ጠበቃ ጋ ሄድኩ። ጠበቃው ወጣት ነው፣ አዘነላት፤ ማዘኑ ግን ሕጉን አልቀየረውም። ውክልናው ከሰውየው ጋር ሞቷል። ሽያጩ ከመጀመሪያውም የተከለከለ ነበር። ወራሾቹ ቤቱን ይወስዳሉ፣ እሷ የከፈለችው ብር ይመለስላታል። "ይመለስልኛል?" ስትል ፊቷ ትንሽ በራ። የዛሬ አምስት ዓመት የተከፈለ ብር ዛሬ ምን እንደሚገዛ ማስረዳት የነበረብኝ እኔ ነኝ። በዚያ ብር አሁን አዳማ ውስጥ የዚያን ቤት መታጠቢያ ክፍል አይሸጡልሽም አልኳት። ሴራሚኩንም ያነጠፍሽው ራስሽ ነሽ አልኳት። ይህን ማለት አልነበረብኝም፤ ደሜ ፈልቶ ነው።

መጨረሻ ላይ ሚልካ መጣች። ጥቁር ለብሳለች፣ ዓይኗ ሥር አብጧል። አሳየች ሱቄ ውስጥ ተቀምጣ ነበርና እዚያው አጠገቧ ተቀመጠች፤ እጇን ያዘች።

"እትዬ አሳየች፣ እኔ ብቻዬን ብሆን ቤቱ የእርስዎ ነበር። ወንድሜ ነው። ዕዳ አለበት፣ እምቢ ማለት አልቻልኩም።"

እኔ ብቻዬን ብሆን! ይህን ቃል ስንት ሰው ሲለው ሰምቻለሁ። ግማሹ የአንቺ አይደለም ወይ ልላት አፌን ስከፍት አሳየች በዓይኗ ገሠጸችኝ።

ሚልካ ግን አልጨረሰችም። ማልቀስ ጀመረች።

"ለምን አልጠየቁትም? አባዬ እኮ ይጠብቅዎት ነበር። እናንተ የሄዳችሁ ዕለት ማታ 'ያቺ ሴትዮ ምስክር ይዛ ትመለሳለች ብዬ ነበር፣ ምነው ቀረች?' አለኝ። በማግስቱም ጠየቀኝ። ታዲያ ለምን እራስህ አታስጠራትም ስለው፣ 'እናንተ ይድናል እያላችሁ ስትጾሙ እኔ ኑዛዜ ጸሐፊ ጥሩ ልበላችሁ?' አለኝ። እኛን ማስከፋት አልፈለገም።"

አንድ ሰው ካርድ ሊገዛ መጥቶ ፊታችንን አይቶ ተመለሰ። አሳየች እጇን አንስታ የሚልካን ፊት በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላት።

"አይዞሽ የኔ ልጅ። በቃ አታልቅሺ። ነፍሳቸውን ይማር" አለቻት። "በሩን ስትከፍቺ ቁልፉን ትንሽ ወደ ላይ ገፋ አድርጊው፤ ይይዛል።"

ልጅቷ ስትሄድ ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁ። አንድ ቃል እንኳ አትናገሪያትም ወይ አልኳት። እርግማን ባይሆን ወቀሳ፣ ወቀሳ ባይሆን አንድ "ግፍ ነው" የምትል ቃል። አሳየች እኔን አየችኝ፤ እንደዚያ ቀን ደክሟት አይቻት አላውቅም።

"ሐዘን ላይ ያለችን ልጅ ምን ይሏታል፣ አብዱ?" አለችኝ።

ዕቃዋን ወንጂ የምትሄድ አይሱዙ ላይ ጭና ሄደች፤ እዚያ ከካምፑ ውጪ የጭቃ ክፍል ተከራይታለች። አልጋውንና ድስቶቿን ወሰደች። በርሜሉን አልወሰደችውም። ቁልፉን ለሚልካ እንድሰጥ እኔ ዘንድ ተወችው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ገላና አንድ ወጣት ባልና ሚስት ይዞ መጣ። አምስት ዓመቱ ሞልቷል፤ ስሙም ሳይውል ሳያድር ይዞራል፤ ውክልና የለ፣ ኑዛዜ የለ። እሱም ዓይኔን ማየት ፈርቷል፣ ግን እንጀራው ነው። "ታክሲ በር ላይ ነው" አላቸው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ቁልፉ ገና እኔ ዘንድ ስለነበር አብሬያቸው ወጣሁ፤ ቁልፉን ወደ ላይ ገፋ አድርጌ ከፈትኩ።

ወለሉ ታጥቧል። መስኮቱ ተወልውሏል። ልጅቷ ወደ ኩሽናው ገብታ "እንዴ፣ ውሃ እዚህ ሁልጊዜ ይመጣል ማለት ነው?" ብላ ባሏን ጠራችው። ሄጄ አየሁ። በርሜሉ እስከ አፉ ሞልቷል፣ ክዳኑ ላይ አንድ ንጹሕ ጣሳ ተደፍቷል። በዚያ ሰሞን ደግሞ ለብሎካችን ውሃ ከመጣ ሁለት ሳምንት አልፎት ነበር። ሁላችንም ከግቢው በር ላይ ካለው ቦኖ በጄሪካን ነበር የምናመላልሰው።